አዲሱን ብር ይዤ መካነ ሰላም ስገባ

ባሕር ተሻግሮ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ የሰውን አገር ገንዘብ ይማር ይባላል። የትኛው ወረቀት ለዳቦ፣ የትኛው ለመኝታ እንደሚበቃ ሳይጠይቅ የወጣ መንገደኛ ወይ ይታለላል ወይ ጦሙን ያድራል። እኔ የሄድኩት ባሕር ተሻግሬ አይደለም። እናቴ ወደተወለደችበት ወደ ወሎ፣ ወደ መካነ ሰላም ነው። ስለዚህ ምክሩ እኔን አይመለከትም ብዬ ነበር፤ ተሳስቻለሁ። ወደዚያ የመሄድ ዕድል የማይገጥማችሁ ሰዎች በእኔ እየሳቃችሁም ቢሆን መንገዱን እንድታዩት ይህን ጽፌያለሁ።

ጊዜው ንጉሡ ከወረዱ በኋላ፣ መልካቸው ያለበት ብር ቀርቶ አዲሱ የወጣበት ዓመት ነው። አሮጌውን በተሰጠው ጊዜ ያላስለወጠ ሰው በእጁ የሚቀረው ተራ ወረቀት ነው ተባለ። አዲስ አበባ በአንዴ ተሰለፈች። እኔም ልብስ እየሰፋሁ ያጠራቀምኳትን አስለውጬ፣ አዲሶቹን ብሮች እንደ አዲስ ጨርቅ በጣቴ እያሸሁ ስደሰት እናቴ ጠራችኝ። ጉልበቷን ካመማት ወዲህ መንገዷ ከአልጋዋ እስከ በሩ ብቻ ነው።

«ዘኑ፣ ለእህቴ ማን ይነግራታል?» አለችኝ።

እህቷ፣ አክስቴ እትዬ አስካለ፣ ከመካነ ሰላም ወጣ ባለ ገጠር ብቻቸውን ይኖራሉ። በክፉው ቀን፣ በረሃቡ ጊዜ፣ ባላቸው ሞቱ። አንድ ልጃቸው ይመር የቀን ሥራ ፍለጋ ሁመራ ወረደና ድምፁ ጠፋ። እሳቸው ከበሬዎቻቸው ሽያጭ ሃምሳ ብር ደብቀው እንዳስቀመጡ እናቴ ከአንድ መንገደኛ ሰምታለች።

«ያቺ ብር እጇ ላይ እንዳትሞትባት። ሂጂና አስለውጪላት። አዲሱንም አስተምሪያት፤ ነጋዴ እንዳይጫወትባት» አለችኝ። ስትመለሺ የአገሬን ቅቤ አምጪልኝ ማለቷንም አልረሳችም።

ረቡዕ።

አውቶቡሱ ገና ሳይነጋ ከአዲስ አበባ ወጣ። ደብረ ብርሃን ላይ ቆፈን፣ ከጣርማ በር ዋሻ ወዲያ ቁልቁለት፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ደግሞ ሙቀት። ጋቢዬን ስለብስና ሳወልቅ ስውል ከጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ «ኧረ ልጄ፣ አንዱን ወስኚና እኔም ልተኛበት» አሉኝ።

አንድ ኬላ ላይ ጠመንጃ ያነገተ ወጣት ቦርሳዬን በርብሮ መቀሴን፣ መርፌዬንና ክሬን አወጣ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እንጀራዬ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ።»

ፊቱን አኮሳተረ። መቀሴ ሄደች ብዬ ስሰናበታት እጅጌውን ዘረጋልኝ፤ ቁልፉ ተበጥሷል። አውቶቡስ ሙሉ ሰው እያየኝ እዚያው ቆሜ ሰፋሁለት። ጎትቶ አየውና ዕቃዬን መለሰልኝ። አብዮቱ እኔን የፈተሸኝ እንዲህ ነው።

ደሴ ስንገባ መሸ። አዲስ አበባ ይበርዳል እያልኩ ሳማርር የኖርኩትን ደሴ አፌን አስያዘችኝ። የመኝታ ቤቱ ባለቤት የጦም ሽሮ አቅርበውልኝ አዲሱን ብሬን ያለ ጥያቄ ተቀበሉ። «ደርሶናል እኮ፤ ገጠር መሰልንሽ?» አሉ ኮራ ብለው። ከዚያ በመስኮቱ ፊት ለፊት ያለውን ሜዳ አሳዩኝ። በክፉው ቀን ከየገጠሩ የመጣው ሰው የወደቀው እዚያ ነው አሉ። አሁን ድንችና ሽንኩርት ይሸጥበታል። እሳቸውም ጠዋት ድንች የሚገዙት ከዚያው እንደሆነ ነገሩኝና ደህና እደሪ ብለውኝ ወጡ።

ሐሙስ።

በአቀስታ አድርጎ መካነ ሰላም የሚሄድ ጨው የጫነ መኪና አገኘሁ። ሾፌሩ ጋሽ ተካ ይባላሉ፤ ሰውነታቸው ግዙፍ፣ ድምፃቸው ቀጭን ነው። ጋቢና አስገቡኝና መንገዱን ሙሉ ስለ ሦስት ሴት ልጆቻቸው ቀሚስ ስንነጋገር ሄድን። ልብስ ሰፊ መሆኔን መናገሬ ጥፋት ነበር። የታናሿን ወገብ በእጃቸው ሲለኩልኝ መሪውን ይለቁታል፣ በዚያ በኩል ደግሞ ገደል ነው።

ጉጉፍቱ ላይ ለሻይ ቆምን። አንዲት ሴት በኩበት እሳት ላይ ታፈላለች። ዳቦዬን በልቼ፣ ሻዬን ጠጥቼ አንድ አዲስ ብር ሰጠኋት። ወደ ፀሐይ አንሥታ፣ ገልብጣም አየችው።

«ይሄ የየት አገር ነው እቴ?»

«የኛው ነው። አዲሱ።»

«የኛማ ጃንሆይ አሉበት።»

«ጃንሆይ እኮ ወረዱ» አልኳት።

«ከዙፋናቸው መውረዳቸውንማ ሰምተናል» አለች፤ «ከብሩ ላይ መውረዳቸውን ግን የነገረን የለም።»

አጥሩ ሥር የተቀመጠው ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። ጋሽ ተካ ሊከፍሉልኝ ኪሳቸውን ሲዳብሱ ሴትዮዋ ከለከለቻቸው። «አብሽሪ» አለችኝ እኔን፤ «ጠጥተሽዋል፣ ከሆድሽ አላወጣው። ስትመለሺ የምናውቀውን ትሰጪኛለሽ።» አዲስ አበባ ውስጥ ባለሱቁ አሮጌውን ብር በጣቱ ጫፍ ሲገፋ አይቼ ነው የመጣሁት፤ እዚህ ደግሞ የተገፋው የእኔ ነው። በገዛ አገሬ መንዛሪ የሚያስፈልገኝ ባዕድ ሆኜ፣ ጆሮዬ እየጋለ ጋቢናው ውስጥ ገባሁ።

ከዚያ ብዙም ሳንርቅ የመኪናው ባሌስትራ ተሰበረ። ጋሽ ተካ መኪናው ሥር ገብተው በዚያ ቀጭን ድምፃቸው ሲራገሙ አንድ ገበሬ ከማሳው ወጣ። ጎንበስ ብሎ አየና ምንም ሳይናገር ሄደ። ታዘብኩት። ጥቂት ቆይቶ የማረሻውን ጠፍር ፈትቶ ይዞ መጣ። ብረቱን በዚያ ጥሬ ቆዳ ጠፍረው አሰሩት። «ስትመለሱ ታደርሱልኛላችሁ፤ እስከዚያ አጨዳ ላይ ነኝ» አለና ወደ ገብሱ ተመለሰ። ስማችሁ ማነው እንኳ አላለንም።

አቀስታ በጨለማ፣ እያዘገምን ደረስን። ብርዱ የሰው ጥርስ ያለው ይመስላል። ጋሽ ተካ ደንበኛቸው ቤት ወሰዱኝ፤ አያ ሰይድ የሚባሉ የባና ነጋዴ ናቸው። ባና ማለት ደጋው ሰው የሚለብሰው ከበግ ጠጉር የሚሠራ ወፍራም ብርድ ልብስ ነው። ሁለት ደራርበው አለበሱኝ፣ መተንፈስ አቃተኝ እንጂ ሞቀኝ።

ራት ዶሮ ይታረድ ተባለ። እነሱ ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን ነኝና አትቸገሩ፣ ቆሎ ይበቃኛል አልኩ። አያ ሰይድ ሰሙኝም አልሰሙኝም ዶሮዋን አቅፈው በዚያ ብርድ ወጡ። ክርስቲያን ጎረቤታቸው ቤት አሳርደው አምጥተው ለባለቤታቸው ሰጧቸው። ባለቤታቸውም ከጣሪያው ሥር የተሰቀለ ድስት አወረዱ። ለክርስቲያን እንግዳ ብቻ የሚሠራበት ድስት ነው። እኔ ቤቴ እንግዳ ሲመጣብኝ የምጨነቀው በቂ ምግብ አለ ወይ ብዬ ነው፤ እሱ የሚበላው ይሆን ወይ ብዬ ድስት ለይቼ አላውቅም። ዶሮዋን ስበላ አፈርኩ፤ ግን አልተውኩም።

ከራት በኋላ አዲሱን ብር አሳየኋቸው። አያ ሰይድ በመዳፋቸው አሹት።

«አባቴ የጣልያንን ወረቀት በገንቦ ቀብረው ነበር። ጣልያን ሲሄድ ገንቦው ብቻ ተረፈን፤ ውሃ ቀዳንበት» አሉ። «ከዚያ ወዲህ የኛ ሰው ገንዘብ ሲለወጥ ሆዱ ይርዳል። እኔማ ገንዘቤ በግ ነው፤ በግን አዋጅ አይሽረውም።»

«ታዲያ አክስቴ እሺ ይሉኝ ይሆን?»

«ኸይር ነው፤ አላህ ያውቃል» አሉና ሦስተኛ ባና ጣሉብኝ።

ዓርብ።

ከአቀስታ እስከ መካነ ሰላም ያለውን መንገድ በምን ልመስለው? እንደ መንገድ የሚቆጠረው ሌላ መኪና ከፊት ሄዶበት ከሆነ ነው። በግራም በቀኝም ገብስ ይታጨዳል። ክፉው ቀን ሲያልፍ የተሠሩ አዲስ የሣር ክዳኖች በሩቅ ይታያሉ፤ በመካከላቸው ደግሞ ክዳናቸው የወደቀ፣ ባለቤቶቻቸው ያልተመለሱባቸው ቤቶች አሉ። አንዲት እንደዚያ ያለች ቤት ስናልፍ ጋሽ ተካ ጡሩምባ ነፉ።

«ምነው፣ ሰው የለም እኮ» አልኳቸው።

«ዐውቃለሁ። ዱሮ እዚህ ሳልፍ ውሃ ያጠጡኝ ነበር። አንድ ቀን አንዱ ብቅ ይላል ብዬ ነው» አሉ።

እኔም ከዚያ በኋላ ባለፍናቸው ባዶ ቤቶች ሁሉ ይመርን አሰብኩ። መካነ ሰላም ስንደርስ ገንዘብ ለዋጮቹ መምጣታቸውንና ብዙም እንደማይቆዩ ሰማሁ። ከነሱ በኋላ ማስለወጥ የፈለገ ደሴ ድረስ መሄድ አለበት። የእትዬ አስካለን እግር አስቤ ደነገጥኩ። የዚያን ዕለት ያደርኩበት ቤት ባለቤት አዲሱን ብር አልቀበልም ቢሉኝ፣ ቀሚሳቸውን ጠቅሜ በዚያ ከፈልኩ።

ቅዳሜ።

ከገበያ ከሚመለሱ ሰዎች ጋር በእግሬ ተጓዝኩ። እነሱ ጨው ተሸክመው ይዘፍናሉ፤ እኔ ባዶ እጄን አለከልካለሁ። አዲስ አበባ ላይ ዳገት ወጣሁ የምለው ዳገት እዚህ ሜዳ ነው የሚባለው። አንዲት ሴት ቦርሳዬን ከራሷ ሸክም ላይ ደረበችው፤ ልከራከራት ትንፋሽ አልነበረኝም።

እትዬ አስካለ ደጃቸው ላይ ገብስ ያበራያሉ። ቀጫጫ፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው፤ የእናቴ ፊት በፀሐይ ደርቆ ማለት ነው። ሲያዩኝ መንሹን ጣሉት።

«የእህቴ ልጅ! ዓይንሽ ዓይኗ አይደል?» እያሉ ሳሙኝ፣ አንገቴ ላይ አለቀሱ፣ እንደገና ሳሙኝ። በሶ በጥብጠው ካጠጡኝ በኋላ ነው ምን እግር ጣለሽ ያሉኝ። የእናቴን መልእክት ነገርኳቸው።

ተነሥተው ከጎተራው ሥር አንዲት ጥቅል አወጡ። ከልጅ ጥብቆ የተቆረጠ ጨርቅ ነው፤ ብሩ ውስጡ ተሰፍቶ ተዘግቷል። ስፌቱን አየሁት። ክሩ በክር ላይ እየተደረበ ዙሪያውን ሦስት ጊዜ ሄዷል። ሥራዬ ነውና ዐውቃለሁ፤ ሰው እንዲህ አድርጎ የሚሰፋው ተመልሶ ላይፈታው ነው።

«እነሆ፣ አየሻት። አትለወጥም» አሉ።

«ለምን እትዬ?»

«ስለት ናታ። ይመር በደህና ቢገባልኝ ይህቺን ብር ለሚካኤል ብያለሁ። ጥብቆውም የሱ ነው፣ ሕፃን ሳለ የለበሰው። ስለት ይለወጣል እንዴ ልጄ?»

አስረዳሁ። ጊዜው ካለፈ ይህ ብር አንድ ፍሬ ጨው እንደማይገዛ፣ ሃምሳ በሃምሳ እንደሚለወጥ፣ ምንም እንደማይጎድል ነገርኳቸው። ሰሙኝ፣ በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያ ጥቅሏን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

«የሰጠሁት ይሄን ነው። ሌላ ብር ብሰጠው ሌላ ልጅ ይምጣልኝ?»

ተናደድኩ፤ ያን ሁሉ መንገድ የመጣሁት ለዚህ ነው? ባዶ እንዳልመለስ ብዬ ቢያንስ አዲሶቹን ብሮች ላሳያቸው ዘረጋኋቸው። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ወደ ምድጃው መለሱ። የአንድ ብሯ ወረቀት ላይ ስደርስ ብቻ አንሥተው ወደ እሳቱ አስጠጉ። እንደምታውቁት እዚያ ላይ የልጅ ፊት አለ።

«ይሄ የማን ልጅ ነው?»

«ማንም አይደለም እትዬ። እንዲሁ ልጅ ነው።»

«ማንም ያልሆነ ልጅ የለም» አሉ። «እናቱ የት እንዳለ ታውቃለች?»

ንዴቴ በአንዴ በረደ። ብሮቹን ሰብስቤ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

እሑድ።

የህዳር ሚካኤል ነው። ከቅዳሴ በኋላ ታቦቱ ወጥቶ፣ ዞሮ ገባ። ሕዝቡ ከዋርካው ሥር ተሰበሰበና የስለት ዕቃ ጨረታ ተጀመረ። የኛም ሰፈር ቤተ ክርስቲያን ይህን ያደርጋል፤ ግን እኛ ጥላና ምንጣፍ ነው የምንሸጠው፣ እዚህ የሚያመጡት የኖሩበትን ነው። አንዱ ጠቦት፣ አንዷ የገብስ ነዶ፣ ሌላው ራሱ የፈተለውን ገመድ። ለፋፊው የሰጪውን ስምና የተሳለበትን ነገር ይናገራል፣ ሴቶች እልል ይላሉ፣ ተጫራቹ ዋጋ ይጨምራል።

ጠቦቱ ሲሸጥ አንድ ነገር ገባኝ። ሮጬ የእትዬ አስካለ የነፍስ አባት ወደሆኑት ወደ ቄስ እንግዳ ሄድኩ። የቤተ ክርስቲያኑ ገበዝም እሳቸው ናቸው።

«አባቴ፣ ያን ጠቦት የገዛው ሰውዬ ዛሬ አርዶ ቢበላው የሰጪው ስለት ተለወጠ ይባላል?»

«ለምን ይለወጣል? ስለቱ ሚካኤል ዘንድ ደረሰ። ሥጋው የገዢው ነው።»

«ስለቱ ብር ቢሆንስ?»

ነገሩን በሙሉ ነገርኳቸው። «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» አሉና ተነሥተው እትዬ አስካለን ጠሯቸው።

«አስካለ፣ ስለትሽን ዛሬ አስገቢ። እጅሽ ላይ ሳለ አንቺ ብትለውጪው አንቺ ለወጥሽ። ከሚካኤል እጅ ከገባ በኋላ እኛ እንደ ጠቦቱ እንሸጠዋለን።»

እትዬ አስካለ ጥቅሏን በሁለት እጃቸው ያዟት። «አባቴ፣ ልጄ መቼ መጣ? ስለት ሳይደርስ ይገባል? ተቀብሎ ዝም ቢለኝስ?» ሃምሳ ብር እንዳልሆነ የያዙት ያን ጊዜ በደንብ ገባኝ። ከይመር ጋር ያላቸው ገመድ ያቺ ብቻ ናት፤ ልቀቂ እየተባሉ ነው። ይህን ነገር ባላነሣሁት ብዬ ተመኘሁ።

ቄስ እንግዳ አልቆጡም። «ሚካኤልን ነጋዴ አደረግሽው እንዴ አንቺ ሴት? ዕቃውን ካላየሁ አልከፍልም ትይዋለሽ?» አሉ ቀስ ብለው።

ለፋፊው የነዶውን ዋጋ ሦስት ጊዜ ጠርቶ ሸጠ። ከዚያ እትዬ አስካለ ወደ እኔ ዞሩ።

«መቀስሽን አምጪ።»

ልፍታልዎት ብዬ እጄን ብዘረጋ ገፉኝ። ያን ሁሉ ስፌት ራሳቸው ቁጭ ብለው፣ ጨርቁን ሳይጎዱ፣ ክር በክር ፈቱት። ጥብቆውን መልሰው ከመቀነታቸው ሸጎጡት። ብሩን ለቄስ እንግዳ ሰጡ። እጃቸው ባዶውን ዘርግቶ ትንሽ ቆየ።

ለፋፊው ብሩን ከፍ አድርጎ አሳየ። «አስካለ ልጇ በደህና ቢገባላት የተሳለችው!»

ከሕዝቡ መካከል አንድ ሰው ጮኸ፤ «ይመር መጣ እንዴ?»

እትዬ አስካለ ቀና አሉ። «ይመጣል!»

አንዲት አሮጊት እልልታውን ጀመሩት፣ ሴቶቹ ተቀበሏቸው፣ ዋርካው ላይ የነበሩት ወፎች ተነሡ። እኔ አለቅስ ነበር፤ ልደብቀው አልሞከርኩም።

ጨረታው ግን አስቂኝ ነበር። ብር በብር ሲጫረት ማን አይቷል? አንዱ ሃምሳውን በአርባ ብሎ ሲጀምር «መልአኩን ልታታልል?» ብለው በሳቅ አባረሩት። ሌላው በአሮጌው ብር ሃምሳ አለ፤ ቄስ እንግዳ «አሮጌ በአሮጌማ ምን ተጠቀምን?» አሉት። ያን ጊዜ እኔ አዲሶቹን አውጥቼ ሃምሳ አልኩ። አለቀ ብዬ ነበር። ለካ ስለት በልኩ አይገዛም፤ በረከት ነውና ይጨመርበታል። አንዱ ሽማግሌ ሃምሳና አንድ ቁና ገብስ አሉ። እኔ ስድሳ። ሽማግሌው ቁና ጨመሩ፣ እኔ ብር ጨመርኩ፤ በመጨረሻ የእናቴ የቅቤ ገንዘብ ሁሉ አለቀ። ሽማግሌው ሳቁና «ይሁንላት፣ ከሩቅ መጥታለች» ብለው ለቀቁልኝ።

ቄስ እንግዳ አዲሶቹን ብሮች አንድ በአንድ ለሕዝቡ እያሳዩ፣ ተገልብጦ በተዘረጋው ጥላ ውስጥ ጨመሩ። «የሚካኤል ጥላ ተቀብሎታል። እናንተም የደበቃችሁትን አውጥታችሁ አስለውጡ፤ እንደ ጣልያኑ ወረቀት እንዳይሆንባችሁ» አሉ። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ወደ ቤት ስንመለስ በየደጁ ሰዎች ከጎተራ ሥር፣ ከግድግዳ ስንጥቅ ጥቅል ሲያወጡ አየሁ።

ሰኞ።

መካነ ሰላም የወረድነው የመንደሩ ሰው ግማሽ ሆነን ነው። እኔ የገዛሁትን አሮጌ ሃምሳ ብር ለመለወጥ ተሰለፍኩ፤ እትዬ አስካለ አንድም የሚለወጥ የላቸው፣ ግን አብረውኝ መጡ። ተራዬ ደርሶ አዲሱን ስቀበል ከኋላዬ አጮለቁ።

«በይ አሁን አስተምሪኝ» አሉ።

«ያን ቀን አላይም ብለውኝ!»

«ያን ቀን እጄ ተይዞ ነበር።»

ድንጋይ ላይ ተቀምጠን አስተማርኳቸው። ማንበብ ስለማይችሉ በሥዕሉ ያዙት። አምስቱ ቡና የሚለቅመው፣ አስሩ ሰፌድ የምትሰፋዋ፤ «እንዳንቺ ሰፊ ናት» ብለው ሳቁ። እየቀላቀልኩ ጠየቅኳቸው፣ አልተሳሳቱም። ሁሉንም ይውሰዱ ብዬ ለመንኳቸው፤ ልጁ ያለባትን አንዷን ብር ብቻ መርጠው በጥብቆው ጨርቅ ጠቀለሏት። በመርፌ ልዝጋልዎት አልኳቸው።

«አትስፊው። ይሄኛው የሚፈታ ነው» አሉ። «ይመር ከሰው አገር ሲመጣ ይዞ የሚመጣው ይሄን አይደል? እናቴ ብሩን እንኳ አታውቅም ብሎ እንዳያፍርብኝ ነው።»

ለእናቴ ቅቤው ቀርቶ አንድ ጥቅል በሶ ሰጡኝ። ጋሽ ተካ መኪናቸውን አሠርተው ሲጠብቁኝ አገኘኋቸው።

በመንገዳችን ጠፍሩን ለገበሬው መለስን፤ እውነትም አጨዳ ላይ ነበር። ባዶዋ ቤት ፊት ጋሽ ተካ እንደገና ጡሩምባ ነፉ፣ እኔም መስኮቱን ከፍቼ አየሁ። ጉጉፍቱ ላይ የሻይ ዕዳዬን ልከፍል አሮጌ ሳንቲም ይዤ ብቀርብ ሴትዮዋ ሳቀችብኝ፤ እስከዚያ አዲሱ ደርሷት ኖሯል።

አዲስ አበባ ስገባ እናቴ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ በሩን ታያለች። በሶውን አሽትታ ዓይኗ እንባ ሞላ። ስለ ቅቤው ግን ምንም አላለችም።

«አስለወጥሽላት?»

«ብሩ ለካ የይመር ስለት ነው፣ እማዬ። ለሚካኤል አስገቡት።»

እናቴ ጉልበቷን ረስታ ተነሣች። እልል አለች፤ እንደዚያ ያለ ድምፅ አላት ብዬ አላስብም ነበር። አባባሌ ስህተት መሆኑን ያን ጊዜ ዐወቅሁ። በእነሱ አገር ስለት የሚገባው የተለመነው ከመጣ በኋላ ነው። እጇን ይዤ ነገርኳት።

«እማዬ፣ ይመር አልመጣም። ሳይመጣ ነው ያስገቡት።»

ድምፅዋ ተቋረጠ። «ሳይመጣ? አስካለ?»

«አዎ።»

ጎረቤታችን እልልታውን ሰምተው ነጠላቸውን እያጣፉ በሩ ላይ ደረሱ። «ምነው፣ ምን ደስታ ተገኘ?»

እናቴ እኔን አየችኝ። በሶውን አየች። የአልጋውን ራስጌ ተደግፋ ቀጥ ብላ ቆመች፤ ቁጭ እህቷን።

«የእህቴ ልጅ መንገድ ላይ ነው» አለቻቸውና እልልታዋን ካቆመችበት ቀጠለች።